የቁጥር አሥራ አራት ውጤት

ሰልዋ ሞታ የተገኘችው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው የሕፃናት ሕክምና ማዕከል፣ ለልጆች በተሠራ ዥዋዥዌ ሥር ነው። ኢንስፔክተር ሸዋረጋ ተጠርታ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ባልየው ሙንዚር የክፍሉ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። «ልወስዳት መጣሁ፤ ልወስዳት ነበር የመጣሁት» እያለ ያንኑ ይደጋግማል።

ከጣሪያው ብረት ላይ ሁለት ገመዶች ይወርዳሉ። አንደኛው እንደታሰረ ነው፤ ሌላው ግን ከማያያዣ ቀለበቱ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጠቅልሏል፤ የእንጨት መቀመጫውም ባንድ ጎኑ ተዘቅዝቋል። ሰልዋ ከሥሩ በጀርባዋ ተንጋላለች። ሂጃቧ ከማጅራቷ በኩል በደም ርሷል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ የዕለት ተዕለት ኑሮ ለሚከብዳቸው ልጆች፣ አብዛኞቹ ኦቲዝም ላለባቸው፣ መልበስና መብላት የምታለማምድ ባለሙያ ነበረች።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «ተቀምጣበት ገመዱ ወልቆባት ነው፤ አደጋ ነው» አለ።

ሸዋረጋ መሰላል እንዲያመጣ ላከችው። መሰላሉ የተገኘው ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ዕቃ ቤት ነው። ወጥታ ቀለበቱን በጣቷ ነካካችው። መቆለፊያ ብሎን አለው፤ ብሎኑ እስከ መጨረሻው በእጅ ተፈትቷል።

«ይህ ሰው ተቀምጦበት ሲወጠር አይፈታም» አለች ከላይ ሆና። «የሚፈታው ባዶ ሲሆን ነው፤ የሚፈታው ሰውም መሰላል ላይ መቆም አለበት። መሰላሉን ወደ ዕቃ ቤቱ የመለሰው ማነው? ሟቿ?»

ፖሊሱ መሰላሉን ያዘላት።

ወርዳ ክፍሉን በዝግታ ዞረችው። ልጆቹ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ስለሚሥሉ፣ ነጭ ብናኝ ያልነካው ዕቃ የለም። መስኮቱ ሥር ያለው የብረት ቁም ሳጥንም ብናኝ ለብሷል፤ አንድ ማዕዘኑ ብቻ ተወልውሎ ያበራል። በማግስቱ ሐኪሙም ያንኑ ነገር በሌላ አፍ ነገራት። ቁስሉ ማዕዘን ያለው ነገር የሠራው እንጂ የወለል አይደለም፤ የሞተችውም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ከዥዋዥዌው ክፍል ቀጥሎ ባለው ቢሮ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በመቀስ የተከፈተ ፖስታ፣ የስም ዝርዝርና ነጥብ የተጻፈባቸው ሃያ አራት ቅጾች ተገኙ። ሸዋረጋ ሁሉንም ሰብስባ ወሰደቻቸው።

ሙንዚር ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። በዚያው ምሽት ጣቢያ ሲጠየቅ አንድም ነገር ለመደበቅ አልሞከረም።

«ከሰልዋ አለቃ ከጀሚል ጋር ተጣልተሃል ይባላል» አለችው።

«ተጣልቻለሁ። ወላሂ፣ አልዋሽዎትም። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ናት። ቤት ስትገባም ወሬዋ ‹ጀሚል እንዲህ አለ፣ ጀሚል እንዲህ ሠራ› ነው። አንድ ቀን መጥቼ ሰው ፊት ሰደብኩት። እሷ ግን አልተቆጣችኝም፤ አዘነችብኝ። ያ ይብሳል።»

«ሰሞኑንስ?»

«ሰሞኑን ስለ ልጆቹ ነጥብ ብቻ ነበር የምታወራው። ቅዳሜ ነጥብ ሰጪዋ ኢስራ ከኮምቦልቻ የታሸገ ፖስታ ሰጥታኝ ጥናቱን ለሚያግዛቸው መምህር ኃይለ ሚካኤል አደረስኩ። እሑድ ከሰዓት ውጤቱ እንደሚከፈት ሰልዋ ነገረችኝ። እስከ አሥራ አንድ አትምጣ አለችኝ፤ አልመጣሁም። መጥቼ ቢሆን ኖሮ።»

ሸዋረጋ አላቋረጠችውም። በዚያ ሳምንት እሷም ቅናት ይዟት ነበር። ከፖሊስ ኮሌጅ አብራት የወጣች ሴት ኮማንደር ሆና ተሹማ፣ ሸዋረጋ ደውላ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ስልኩን ቶሎ ዘግታ ነበር። ስለዚህ የሙንዚርን ነገር ታውቀዋለች። እንዲህ አፉን ሞልቶ የሚናገር ቅናት አያስፈራትም፤ የሚያስፈራት አንገቱን ደፍቶ የሚያመሰግነው ነው።

ሰኞ ከቀብር መልስ የማዕከሉን ኃላፊ ጀሚልን አነጋገረች። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ከመናገሩ በፊት የሚያስብ ሰው ነው።

«ይህ ዥዋዥዌ ምን ይሠራል?»

«አንዳንድ ልጅ የፀጉር መላጫ ድምፅ እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ የሸሚዙ ስፌት ያቃጥለዋል። በዥዋዥዌ፣ ክብደት ባለው ሰደርያ፣ ቆዳውን በብሩሽ በማሸት፣ አንጎሉ የሚሰማውን ነገር መልክ እንዲያስይዝ እናለማምደዋለን። የስሜት ሕዋሳትን ማቀናጀት እንለዋለን።»

«ይጠቅማል?»

ጀሚል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ሰልዋም እንዲሁ ነበር የጠየቀችኝ። የአሥር ዓመት ሥራዬን፣ በአንድ ቃል።»

«ምን አሏት?»

«እስቲ ጥናቶቹን እንይ አልኳት። ሰደርያውና ብሩሹ እምብዛም የሚያኮራ ማስረጃ የላቸውም። ሙሉው ሕክምና በሠለጠነ ሰው፣ በደንቡ ሲሰጥ ግን ቤተሰቡ በመረጠው ነገር ላይ፣ በመልበስም በመብላትም፣ ልጆች ተሻሽለዋል የሚሉ ጥቂት ጥናቶች አሉ። የተጠኑት ልጆች ግን ጥቂት ናቸው። በአንዳንዱም ነጥብ ሰጪው የትኛው ልጅ ምን እንደተሰጠው ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማየት የሚፈልገውን ያያል።»

«እናንተስ ምን አደረጋችሁ?»

«ሃያ አራት ልጆች መረጥን። መምህር ኃይለ ሚካኤል ዕጣ አወጣላቸው። አሥራ ሁለቱ ከእኔ ጋር ዥዋዥዌ ላይ፣ አሥራ ሁለቱ ደግሞ በየቤታቸው። ለእነዚያ ሰልዋ እየሄደች አንድ ነገር ብቻ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ወይም ማንኪያ መያዝ፣ እናትና ልጅን ታለማምዳለች። ስድስት ወር። በመጨረሻ ኢስራ የልጆቹን ቪዲዮ አይታ ከአሥር ነጥብ ትሰጣለች። ኢስራ የኮምቦልቻው ቅርንጫፋችን ባለሙያ ናት። ልጆቹን አታውቃቸውም፤ ቪዲዮው ላይ ያለውም ቁጥር ብቻ ነው።»

«ቀንተውባት ነበር?»

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለ ጀሚል ቀስ ብሎ። «ተማሪዬ ከእኔ የተሻለ ጥያቄ ስትጠይቅ ያማል። አዎ፣ ቀንቼባታለሁ። እሑድ ፒያሳ ለቅሶ ቤት ነበርኩ፤ ግን ወጣ ገባ ብያለሁ። እዚያው ነበር ብሎ የሚምልልኝ ሰው ላይኖር ይችላል።»

ሸዋረጋ ቅጾቹን አስቀመጠችለት። ፖሊስ ደምሯቸዋል፤ የዥዋዥዌው ልጆች ሰማንያ ሦስት፣ የቤቶቹ ሰባ አራት። «አሸንፈዋል» አለችው።

ጀሚል ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ ተመለከተ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። «ይህ ልክ አይመስለኝም። ልጆቹን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ተሻሽለዋል፤ ግን እንዲህ አይደለም።»

ማክሰኞ ጠዋት ሸዋረጋ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። ከደሴ ብርድ ሲመጡ የኮምቦልቻ ሙቀት ጃኬት ያስወልቃል። የኢስራ ክፍል ንጹሕ ነው። ዥዋዥዌው አዲስ ገመድ አለው፤ ግድግዳው ላይ በተለያየ መጠን የተሰፉ ስድስት ሰደርያዎች ተሰቅለዋል።

«በእጄ ነው የሰፋኋቸው» አለች ኢስራ። «ውስጣቸው ገብስ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ማን ያመጣልናል?»

ቀጭን፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት። ከሰልዋ ጋር ዩኒቨርሲቲ አንድ መኝታ ክፍል ኖረዋል።

«እሑድ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ቤቴ። ለቀብሯ ካልሆነ ስድስት ወር ሙሉ ደሴ አልወጣሁም። ልጆቹን እንዳላያቸው እሷው ናት ወደ ማዕከሉ አትምጪ ያለችኝ።»

«ውጤቱንስ ታውቂያለሽ?»

«ከየት አውቃለሁ? ነጥቡን ቅዳሜ በሙንዚር ላኩ። ከዚያ ወዲህ የነገረኝም ያሳየኝም የለም።»

«ሰልዋ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ኢስራ አንዱን ሰደርያ ከተሰቀለበት አወረደችና ታቅፋው ተቀመጠች። «አላህ ይዘንላትና፣ ሁሉም ሰው የሚወዳት ነበረች። እኔ አንድ ወር የለፋሁበት ልጅ እሷን ባየ በአምስት ደቂቃ ይስቅላታል። አስተማሪዎቻችንም እንደዚያው ነበሩ።» የሰደርያውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። «ሥራዋን ታውቅበታለች። አንድ ልጅ አለ፤ ቁጥር አሥራ አራት። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ከሸሚዙ ጋር ሰባት ደቂቃ ታገለ። አምስቱንም ቁልፍ ቆለፋቸው። ዘጠኝ ሰጠሁት፤ ከሁሉም ከፍተኛው ነው። ዥዋዥዌ ላይ አንድ ቀን ወጥቶ የማያውቅ ልጅ። እንዲህ ነበረች ሰልዋ።»

ሸዋረጋ አመስግናት ወጣች። መኪናው ወደ ደሴ ሲወጣ አንድ ነገር ቢከነክናትም ምንነቱን መያዝ አቃታት። ከሰማቻቸው ሰዎች ሁሉ ኢስራ ብቻ ናት ቀናሁ ያላለችው።

ከሰዓት በኋላ ዘይቱና ቤት ሄደች። ዘይቱና ልጆቻቸው ጥናቱ ውስጥ ካሉ እናቶች አንዷ ናት፤ ማዕከሉ በር ላይ ከሰልዋ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷታል።

«ተጨቃጭቄያለሁ፤ ምን ልደብቅ» አለች ዘይቱና። «አንቱ ቢሆኑስ? ዕጣው ሲወጣ የጎረቤቴ ልጅ ዥዋዥዌ ደረሰው። በየሳምንቱ አጣጥባ፣ አስጊጣ ይዛው ትሄዳለች። የእኔ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁልፍ። ደሃ ስለሆንኩ ነው አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ዕጣ ነው፣ የትኛው እንደሚሻል እኔም አላውቅም አለችኝ። አታውቂም ታዲያ ልጄን መሞከሪያ ታደርጊዋለሽ አልኳት። እሷ ግን መምጣቷን አልተወችም። ኋላ ደግሞ ሌላ ቅናት መጣብኝ።» ዘይቱና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «በሺር ጠዋት ሲነሳ ስሟን መጥራት ጀመረ። ሰባት ዓመት ያሳደግኩት እኔ፣ የሚጠራው እሷን። አሁንም በሩን እያየ ይጠብቃታል።»

«ለቀብር ወስደሽው ነበር?»

«ኧረ የት እወስደዋለሁ፤ ሰው ሲበዛ ይጮኻል። ከቤት አልወጣም። እኔም ከእሱ ጋር ቀረሁ።»

በሺር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንግዳ መምጣቱን ሲያይ ሸሚዙን አምጥቶ ለበሰ፤ ሰልዋ ስትመጣ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ከዚያ ቁልፎቹን ያዘ። አልቸኮለም። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አወጣ፤ ከታች ጀምሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት።

ሸዋረጋ እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ምን ቁጥር?» አለች ዘይቱና። «ልጄ በሺር ነው የሚባለው።»

ረቡዕ መምህር ኃይለ ሚካኤልን ጣቢያ አስጠራችው። ሂሳብ የሚያስተምር፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ሰው ነው።

«ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት ስንት ነው?»

«አንድ። ዕጣውን ያወጣሁት፣ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናቶቹ ቪዲዮውን ለእኔ ይልካሉ፤ እኔ ድምፁን አጥፍቼ፣ ቁጥር ለጥፌ ለኢስራ እልካለሁ። ሰልዋና ጀሚል ልጆቹን ያውቃሉ፤ ቁጥሩን አያውቁም። ኢስራ ቁጥሩን ታውቃለች፤ የትኛው ምን እንደተሰጠው አታውቅም። ወረቀቱን ያሸግኩት በፊርማዬ ነው። እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ከነቅጾቹ ለሰልዋ ሰጥቼ ወጣሁ። ሲከፈት ባየሁ ደስ ባለኝ፤ ግን የማስጠናቸው ተማሪዎች ይጠብቁኝ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ለማን ነገርክ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

ቅጾቹን ስታሳየው መምህሩ ፊቱን አጨፈገገ። ስልኩን አወጣ። «ቅዳሜ እጄ እንደገቡ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። ልማዴ ነው፤ ለማንም አልነገርኩም።» ፎቶዎቹን ከቅጾቹ ጎን አስቀመጠ። አራት ቅጽ ላይ ሦስት የነበረው ስምንት ሆኗል።

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ሁሉም ዥዋዥዌው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙንዚር ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ጀሚል፣ ኃይለ ሚካኤልና ዘይቱና በልጆች ትንንሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኢስራ በሩ አጠገብ ናት።

«ሰልዋ ከዥዋዥዌ አልወደቀችም» አለች ሸዋረጋ። «ብሎኑን የፈታው መሰላል ላይ የቆመ ሰው ነው። የሞተችው በዚያ ቁም ሳጥን ማዕዘን ተመትታ ነው፤ ማዕዘኑን የወለወለው ሰው ሌላውን አቧራ ረሳው። ጭቅጭቅ ነበር፤ ግፊያ ነበር፤ ከዚያ አደጋ እንዲመስል ተደረገ።»

ሙንዚር ዓይኑን ጀሚል ላይ ተከለ።

«አንተ በጀሚል ቀንተሃል፤ ግን አራት ቁጥር ለመለወጥ ምክንያት የለህም። የለወጠው ሰው አራቱ ልጆች የዥዋዥዌ መሆናቸውን አይቶ ነው፤ ማለትም ፖስታው ከተከፈተ በኋላ፣ እሑድ፣ እዚህ ነበር። ዘይቱና ተቆጥታለች፤ ግን ውጤቱ ተለውጦ የጎረቤቷ ልጅ ቢያሸንፍ ምን ታተርፋለች? መምህሩ ለውጦ ቢሆን ፎቶውን አያሳየኝም ነበር።»

«ስለዚህ እኔ ነኛ» አለ ጀሚል።

«ቁጥሩን ያየ ሁሉ እንዲያ ይላል። ነጥብ የተጨመረለት የእርስዎ ዥዋዥዌ ነው። ግን ቅጹን ሳሳይዎት ልክ አይመስለኝም አሉኝ። ሰው ገድሎ ቁጥር የለወጠ፣ የለወጠውን ቁጥር ራሱ አያፈርሰውም።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ኢስራ፣ ቁጥር አሥራ አራት ዥዋዥዌ ላይ ወጥቶ አያውቅም ያልሽኝ ማክሰኞ ነው። እውነት ነው፤ በሺርን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን ይህን ማን ነገረሽ?»

«ገምቼ ነው» አለች ኢስራ።

«ሌላውን ሁሉ አላውቅም ብለሽ፣ አንዱን ልጅ ገመትሽ?»

«ሰልዋ ነግራኝ ይሆናል።»

«የስልኳ መዝገብ እንደሚያሳየው ሰልዋ የደወለችልሽ ቅዳሜ ነው፤ ፖስታው ሳይከፈት። ያኔ እሷም ቁጥሩን አታውቅም ነበር። እሑድ ከስልኳ አንድም ጥሪ፣ አንድም መልእክት አልወጣም። እናቱ ቁጥሩን አታውቅም። ጀሚል አያውቅም። መምህሩ አልነገረም። ልጁን ቀብር ላይ አላየሽውም፤ ከቤት አልወጣም። የቀረው አንድ ወረቀት ነው። እሱም እሑድ ከስምንት ሰዓት እስከ ሞተችበት ሰዓት እሷ ጋ፣ ከዚያ እኔ ጋ ነበር። ያነበብሽው እዚህ ቆመሽ ነው። ቁጥሮቹንም ማንም ሊጠረጥረው በማይችል የእጅ ጽሑፍ ለወጥሻቸው፤ በራስሽ።»

ኢስራ ወደ ሙንዚር አላየችም።

«አብረን እንክፈተው ብላ ጠራችኝ» አለች በመጨረሻ። «ስድስት ወር ዱዓ አድርጌ ነበር። ያቺ አንዲት ነገር፣ ዥዋዥዌው፣ የእኔ ነበረች። ከእሷ በፊት የተማርኳት፣ ሰደርያዋን በእጄ የሰፋሁላት። ወረቀቱን ስትዘረጋ ጥሩ ጥሩ ነጥብ የሰጠኋቸው ልጆች የማን እንደሆኑ አየሁ። ያንን ዘጠኝ ስሰጥ አልቅሼ ነበር፤ በልጁ ደስ ብሎኝ። የእሷ ሆነ። ሁሉ ነገር የእሷ ነው፤ ይህንን ደግሞ በገዛ እጄ ሰጠኋት።»

«ተሳለቀችብሽ?» አለች ሸዋረጋ።

«ብትሳለቅ ኖሮ እተርፍ ነበር። እስቲ ጥቂት ቁጥር እናስተካክል አልኳት። ትከሻዬን ያዘችና ‹ነጥብሽ ልክ ነው፤ ከአንቺ የተሻለ የሚያይ ሰው የለም፣ የመረጥኩሽም ለዚህ ነው› አለችኝ። ገፋኋት። እንድትለቀኝ ብቻ ነበር።»

ሙንዚር ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ወረደ። ዘይቱና ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። ፖሊሱ ኢስራን ሲይዛት እጇን አልሰበሰበችም። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ወደ መምህሩ ዞረች።

«ስልክህ ላይ ያለው ነው ትክክሉ። አራቱን ስምንቶች መልሰህ ሦስት አድርጋቸው።»

ከወጡ በኋላ ኃይለ ሚካኤል ቅጾቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንደገና ደመረ። የቤቶቹ ሰባ አራት፣ የዥዋዥዌው ስልሳ ሦስት።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሸዋረጋ።

«እርግጡን መናገር አይቻልም» አለ ጀሚል። «ዥዋዥዌው ከንቱ ነው አይልም። ቤት የተሠራው ግን አላነሰም፤ ምናልባትም በልጧል። ሃያ አራት ልጅ ጥቂት ነው። እንደገና፣ በብዙ ልጅ መሠራት አለበት። ሰልዋም ይህንኑ ነበር የምትለው።»

«እሠራለሁ፤ ዕጣውን አወጣለሁ» አለ መምህሩ። «ነጥቡን የሚሰጠው ማነው?»

ጀሚል በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። የፖሊስ መኪናው ከበሩ እየወጣ ነበር። እስኪያልፍ በዓይኑ ተከተለው።